እናት፣ እህት ወይም አክስት ልጅ ስትይዝላችሁ ብትከፍሏት ታክሱ እንዴት ነው?

የታክስ ወቅት ሲደርስ እዚህ አሜሪካ ያሉ ወላጆች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ጥያቄ አለ። "እናቴ ልጄን ትይዝልኛለች፣ በየወሩም ትንሽ ብር እሰጣታለሁ፣ ታክስ ላይ ይታሰብልኛል?" ሌላው ደግሞ በተቃራኒው ይመጣል። "ዘመድ ስለሆነች ምንም ማስገባት የለብኝም አይደል?" ሁለቱም አንድ መልስ የላቸውም። መልሱ በዝምድናው ይለያያል። እናት ሌላ ናት፣ አክስት ሌላ ናት፣ የ17 ዓመት ልጃችሁ ደግሞ ጭራሽ ሌላ ነው።

የምጽፈው ስለ ፌዴራሉ ታክስ ነው። ስቴቶች የየራሳቸው ሕግ አላቸው፤ እሱን ወደ መጨረሻ እነካዋለሁ።

መጀመሪያ የእኔን ስህተት ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚሠራው ይሄንኑ ነው። የመጀመሪያ ልጄን ወልጄ ሥራ ስመለስ አክስቴ ቤቴ እየመጣች ትይዝልኝ ነበር። ዓርብ ማታ ጫማዋን ስታደርግ ካሹን አጥፌ እጇ ላይ አደርጋለሁ። "ተይው እንጂ" ትላለች፣ እኔም "ያዢው" እላታለሁ፣ አለቀ። ደረሰኝ የለም፣ የተጻፈ ነገር የለም። በሚቀጥለው ዓመት ታክስ ላሠራ ስሄድ ሰውየው ሁለት ነገር ጠየቀኝ። "ዓመቱን ሙሉ ስንት ከፈልሽ?" አላወቅኩም። "የሴትየዋን ሶሻል አምጪ።" እሱም፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥሯ ማለት ነው፣ የለኝም። አክስቴ ጋ ደውዬ ስጠይቃት ዝም አለች። ከዚያ "መጀመሪያ ለምን አልነገርሽኝም?" አለችኝ። ልክ ነበረች። ገቢው በስሟ እንደሚጻፍ ሳታውቅ ነው ዓመቱ ያለቀው። እኔ ደግሞ በሕግ ዓይን አሠሪ መሆኔን ያን ቀን ነው የሰማሁት።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ፎርም መሙላት አይደለም። ቁጭ ብሎ ማውራት ነው። ከዘመድ ጋር የሂሳብ ነገር ማንሳት ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ይሉኝታው አለ። ግን የመጀመሪያውን ክፍያ ከመስጠታችሁ በፊት "ይሄ ታክስ ላይ ይገባል፣ ሶሻልሽን እፈልጋለሁ፣ አንቺም ገቢ ብለሽ ታሳውቂያለሽ" በሏት። ፈቃደኛ ካልሆነች ያኔውኑ ትነግራችኋለች።

ከምንም በፊት ወረቀቷን እዩ

ይሄን ያስቀደምኩት ጉዳቱ ከገንዘብ ስለሚበልጥ ነው። እናታችሁ ከኢትዮጵያ በቪዚት ቪዛ መጥታ ከሆነ ልጅ ስትይዝ ደመወዝ አትክፈሏት። ቪዚት ቪዛ ሥራ አይፈቅድም፣ ከገዛ ልጅ ቤትም ቢሆን። ደመወዟ ታክስ ላይ ከተጻፈ ያለፈቃድ ሠርታለች የሚል ማስረጃ በገዛ እጃችሁ ፈጠራችሁ ማለት ነው። ነገ ቪዛ ስታሳድስ ወይም ግሪን ካርድ ሲጠየቅላት ይሄ ሊከተላት ይችላል። "አይቲን አውጥቼላት ልክፈላት" የሚልም አለ። አይቲን የታክስ መለያ ቁጥር ብቻ ነው፣ የሥራ ፈቃድ አይሆንም።

አያት የልጅ ልጇን ያለ ክፍያ መያዟ ሌላ ነገር ነው። ለእሷ ምግብ መግዛት፣ ስትመለስ ስጦታ ሰጥቶ መሸኘትም የቤተሰብ ነገር ነው። ነገር ግን "ስጦታ" ብላችሁ በየሳምንቱ ለሠራችበት ሰዓት ከከፈላችሁ ስሙ ስጦታ ይሁን እንጂ ነገሩ ደመወዝ ነው። ጥርጣሬ ካላችሁ የታክስ ሰው ሳይሆን የኢሚግሬሽን ጠበቃ ጠይቁ።

ግሪን ካርድ፣ ዜግነት ወይም የሥራ ፈቃድ ያላት ከሆነች ችግር የለም። የምትሠራው እናንተ ቤት ተቀጥራ ከሆነ አይ-9 የሚባለውን የሥራ ፈቃድ ማረጋገጫ ፎርም ትሞላላችሁ። እሷ የራሷን ክፍል ሥራ በጀመረችበት ቀን፣ እናንተ ደግሞ በ3 የሥራ ቀን ውስጥ። የትም አይላክም፣ ቤታችሁ ይቀመጣል።

ክሬዲቱ፤ ማን ይፈቀዳል፣ ማን አይፈቀድም

ለልጅ መያዣ ከከፈላችሁት ላይ ከታክሳችሁ የሚቀነስ ክሬዲት አለ። የሚሞላው በፎርም 2441 ነው። ልጁ ከ13 ዓመት በታች መሆን አለበት። በዓመቱ መሃል 13 ከሞላ ከልደቱ በፊት የከፈላችሁት ብቻ ነው የሚታሰበው። የሚከፈለውም ልትሠሩ ወይም ሥራ ልትፈልጉ ስለሆነ መሆን አለበት። ባለትዳር ከሆናችሁ ሁለታችሁም ገቢ ያስፈልጋችኋል፣ አንዳችሁ ፉል ታይም ተማሪ ወይም ራሱን መንከባከብ የማይችል ሰው ካልሆነ በቀር። አብዛኛውን ጊዜም አብራችሁ ፋይል ማድረግ አለባችሁ።

ማታ የሚሠራ ሰው እኛ ዘንድ ብዙ ነው፣ ስለዚህ ይሄንን ልጨምር። አንዳችሁ ቀን ትሠራላችሁ፣ ሌላችሁ ሌሊት ሠርታችሁ ቀን ትተኛላችሁ። "አንዱ ቤት ስላለ አይታሰብም" ብላችሁ አትተዉት። የሌሊት ሠራተኛው ተኝቶ ሌላኛው ሥራ ላይ እያለ ለልጅ መያዣ የከፈላችሁት ይታሰባል።

አሁን ዘመዱ። ክሬዲቱን ለማግኘት የምትከፍሉት ሰው ከእነዚህ አንዱ መሆን የለበትም፦ የትዳር ጓደኛችሁ፣ የልጁ አባት ወይም እናት፣ ታክሳችሁ ላይ ዲፔንደንት (የምታስተዳድሩት ሰው) አድርጋችሁ ልታስገቡት የምትችሉት ሰው፣ ወይም በዓመቱ መጨረሻ 19 ያልሞላው የራሳችሁ ልጅ። የመጨረሻው ዲፔንደንት ባይሆንም አይፈቀድም። ከዚህ ውጪ ያለው ዘመድ ሁሉ ይፈቀዳል። አያት፣ አክስት፣ እህት፣ የእህት ልጅ፣ ሁሉም። አብራችሁ አንድ ቤት ብትኖሩም ይፈቀዳል።

"ልታስገቡት የምትችሉት" የሚለውን ቃል ልብ በሉ። እናታችሁን ዲፔንደንት ማድረግ እየቻላችሁ ብትተዉትም አይረዳችሁም። ግን የምትከፍሏት ገንዘብ ራሱ ነገሩን ሊቀይረው ይችላል። በ2025 ወላጅን ዲፔንደንት ለማድረግ ታክስ የሚከፈልበት ዓይነት ገቢዋ ከ5,200 ዶላር በታች መሆን ነበረበት። በዓመት 8,000 ዶላር ከከፈላችኋት ከዚያ ትዘላለች። ዲፔንደንት መሆኗ ይቀራል፣ ለዲፔንደንት የሚሰጠው የ500 ዶላር ክሬዲትም አብሮ ይሄዳል፣ ግን ለእሷ የከፈላችሁት ለፎርም 2441 ይሆናል። የትኛው እንደሚሻል ቁጭ ብላችሁ ደምሩ።

መጠኑ ይሄ ነው። ለአንድ ልጅ እስከ 3,000፣ ለሁለትና ከዚያ በላይ እስከ 6,000 ዶላር ወጪ ይታሰባል፤ ከዚያ ላይ በመቶኛ ይሰላል። በ2025 ገቢው ከ43,000 በላይ ለሆነ ቤተሰብ 20 በመቶ ነው። ለአንድ ልጅ 600፣ ለሁለት 1,200 ዶላር ማለት ነው። ከ2026 ጀምሮ ግን ሕጉ ተሻሽሏል። አነስተኛ ገቢ ላለው እስከ 50 በመቶ ይደርሳል፣ አብረው ፋይል ለሚያደርጉ ባልና ሚስት ደግሞ ገቢያቸው 150,000 እስኪደርስ ከ35 በመቶ አይወርድም። በ35 በመቶው ሁለት ልጅ ላለው እስከ 2,100 ዶላር ነው። ይሄ ትልቅ ለውጥ ነው። በድሮው ሂሳብ "አይጠቅምም" ብላችሁ ትታችሁት ከነበረ እንደገና እዩት። ክሬዲቱ ግን ያለባችሁን ታክስ ነው የሚቀንሰው፣ ታክስ ከሌለባችሁ በካሽ አይመለስም።

መሥሪያ ቤታችሁ ዲፔንደንት ኬር ኤፍኤስኤ (ታክስ ሳይቆረጥበት ከደመወዝ ለልጅ መያዣ የሚቀመጥ ገንዘብ) ካለው እሱም ለዘመድ ክፍያ ይሠራል፣ የማይፈቀዱት ሰዎች ተመሳሳይ ናቸው። እስከ 2025 ጣሪያው 5,000 ነበር፣ ከ2026 ጀምሮ 7,500 ሆኗል። በኤፍኤስኤ የተጠቀማችሁበት ከክሬዲቱ ጣሪያ ላይ ይቀነሳል። ስለዚህ አንዱን ገንዘብ ሁለት ጊዜ መጠቀም የለም። የታክስ እርከናችሁ ከፍ ያለ ከሆነ ኤፍኤስኤው፣ ዝቅ ካለ ደግሞ ከ2026 ወዲህ ክሬዲቱ ሊሻል ይችላል።

የማን ቤት ነው የምትይዘው?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ዘመዳችሁ ልጁን በራሷ ቤት የምትይዝ ከሆነ፣ ሰዓቱንም አሠራሩንም እሷ የምትወስን ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ በግሏ የምትሠራ ሰው ናት። እናንተ አሠሪ አይደላችሁም። ደብሊው-10 የሚባለውን ፎርም ታስሞሏታላችሁ፤ ስሟ፣ አድራሻዋና ሶሻሏ አለበት፣ ትፈርምበታለች። እሱን ይዛችሁ ፎርም 2441ን ትሞላላችሁ። ከእናንተ በኩል በዚሁ ያበቃል። የራሷን ታክስ ራሷ፣ የግል ሥራ ገቢ በሚጻፍበት በስኬጁል ሲ ታስገባለች፣ የተጣራ ትርፏ 400 ዶላርና ከዚያ በላይ ከሆነም የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬሩን ታክስ በስኬጁል ኤስኢ ትከፍላለች።

እናንተ ቤት መጥታ የምትይዝ ከሆነ ግን፣ መቼ እንደምትመጣ፣ ምን እንደምታበላ፣ መቼ እንደምታስተኛ የምትነግሯት እናንተ ከሆናችሁ፣ የቤት ሠራተኛ ተብላ ትቆጠራለች፣ እናንተም አሠሪ ናችሁ። "እህቴ እኮ ናት፣ ምን ሠራተኛ ትያታለሽ" የሚል ይኖራል። ቃሉ ጆሮ ላይ እንደሚከብድ አውቃለሁ። ሕጉ ግን የሚያየው ሥራውን ነው።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ይጥራ። "1099 ስጣትና ተገላገል" የሚል ምክር ትሰማላችሁ። አትስሙት። 1099 በግሉ ለሚሠራ ሰው የሚሰጥ የገቢ ወረቀት ነው፤ ቤታችሁ ለምትሠራ ተቀጣሪ የሚሰጠው ግን የደመወዝ ወረቀቱ ደብሊው-2 ነው። በራሷ ቤት ለምትይዝላችሁ ደግሞ 1099 እንድትሰጡ አትገደዱም፣ ምክንያቱም የከፈላችሁት ለንግድ ሳይሆን ለግል ጉዳያችሁ ነው።

እናት ከሆነች

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው መልካም ነገር አለ። ለገዛ ወላጃችሁ የምትከፍሉት ደመወዝ በአብዛኛው ከሶሻል ሴኩሪቲና ከሜዲኬር ታክስ ነፃ ነው። ባለትዳር ናችሁ፣ ባለቤታችሁ ጤነኛ ነው፣ እናታችሁ ቤታችሁ መጥታ ልጅ ትይዛለች እንበል። 10,000 ብትከፍሏትም፣ 20,000 ብትከፍሏትም ይሄ ታክስ የለም። የፌዴራሉ የሥራ አጥነት ታክስም ለወላጅ አይከፈልም። የገቢ ታክስም እሷ ካልጠየቀች እናንተም ካልተስማማችሁ ከደመወዟ አትቆርጡም። እንዲህ ከሆነ ደብሊው-2 ማውጣትም ግዴታ አይሆንም።

ነፃነቱ የሚቀርበት ሁኔታ አለ። ልጃችሁ ከ18 በታች ከሆነና እናንተ ተፋታችሁ ዳግም ያላገባችሁ ከሆናችሁ፣ ወይም የትዳር ጓደኛችሁ በሞት የተለያችሁ ከሆነ፣ ወይም ባለቤታችሁ በሕመም ምክንያት በሩብ ዓመቱ ውስጥ ቢያንስ ለ4 ተከታታይ ሳምንት ልጅ መያዝ የማይችል ከሆነ፣ ለእናታችሁ የምትከፍሉት እንደማንኛውም ተቀጣሪ ይታያል። አግብቶ የማያውቅ ሰው ግን እዚህ ዝርዝር ውስጥ የለም።

አማትስ? ሕጉ የሚለው "የአሠሪው ወላጅ" ነው። ስለዚህ ልጁን የሚይዙት የባለቤታችሁ እናት ከሆኑ የሚቀጥራቸውም የሚከፍላቸውም የገዛ ልጃቸው ይሁን። ክፍያው ከእሱ ወይም ከእሷ አካውንት ይውጣ፣ ወረቀቱም በዚያው ስም ይሁን።

ነፃ ነው ሲባል ግን ከሶሻል ሴኩሪቲና ከሜዲኬር ታክስ ነው እንጂ ገቢ አይደለም ማለት አይደለም። ለእናታችሁ ገቢ ነው። ፋይል ካደረገች ዋናው የታክስ ፎርም 1040 ላይ መስመር 1ቢ (1b)፣ ደብሊው-2 የሌለው የቤት ሠራተኛ ደመወዝ የሚጻፍበት ቦታ ላይ ይገባል። መልካሙ ዜና፣ ከ65 ዓመት በላይ የሆነች ነጠላ እናት በ2025 ጠቅላላ ገቢዋ 17,750 ዶላር ካልደረሰ በአብዛኛው ፋይል የማድረግ ግዴታም የለባትም። ብዙ አያቶች በዚህ ምክንያት ምንም አይከፍሉም።

ሌላው ወገን ግን አለው፣ እሱን ሳልነግራችሁ ባልፍ ይቆጨኛል። ታክሱ ካልተከፈለ የሶሻል ሴኩሪቲ ክሬዲትም (ከታክሱ ክሬዲት ሌላ ነው፣ ለጡረታ የሚቆጠር ነጥብ ነው) አይቆጠርላትም። ጡረታ ለማግኘት 40 ክሬዲት ያስፈልጋል፣ በዓመት ከ4 በላይ አይገኝም፣ ቢያንስ 10 ዓመት ማለት ነው። በ2026 አንድ ክሬዲት የሚገኘው በ1,890 ዶላር ገቢ ነው። ግሪን ካርድ ይዛ በ58 ዓመቷ የመጣች እናት ለእናንተ ልጅ እየያዘች አምስት ዓመት ብትቆይ በወረቀት ላይ አንድም ቀን አልሠራችም። ነፃነቱን "አልፈልግም፣ ልክፈል" ብሎ መተው ደግሞ አይቻልም። ስለዚህ ጥያቄው የእናንተ ታክስ ብቻ አይደለም። አንዳንድ እናት በሳምንት ሁለት ቀን ውጪ ብትሠራ ለነገዋ ይሻላታል። ይሄን ከእሷ ጋር ተነጋገሩበት። ለእኛ ሲሉ ዝም የሚሉ እናቶች ብዙ ናቸው።

እህት፣ አክስት ወይም የአክስት ልጅ ከሆነች

ለእነዚህ የተለየ ምሕረት የለም። እናንተ ቤት የምትሠራ ከሆነች በ2025 ለአንድ ሰው 2,800 ዶላርና ከዚያ በላይ፣ በ2026 ደግሞ 3,000ና ከዚያ በላይ በካሽም በቼክም በዜልም ከከፈላችሁ የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር ታክስ አለ። 7.65 በመቶ ከእሷ፣ 7.65 በመቶ ከእናንተ። በቀላል ቁጥር ልሥራው። እህታችሁን በሳምንት 200 ዶላር ለ50 ሳምንት ከፈላችኋት፣ 10,000 ሆነ። ከደመወዟ 765 ትቆርጣላችሁ፣ ከኪሳችሁ 765 ትጨምራላችሁ። የእሷን ድርሻ ልሸፍንላት ካላችሁ ይቻላል፣ ያ የሸፈናችሁት ግን ለእሷ ተጨማሪ ገቢ ተብሎ ይጻፋል።

በአንድ ሩብ ዓመት ለቤት ሠራተኞች በድምሩ 1,000 ዶላር ከደረሰ የፌዴራል የሥራ አጥነት ታክስም ይመጣል። ከመጀመሪያው 7,000 ላይ 6 በመቶ ነው፤ የስቴቱን በወቅቱ ከከፈላችሁ በአብዛኛው ወደ 0.6 በመቶ ይወርዳል፣ 42 ዶላር ማለት ነው። ይሄ ከእናንተ ብቻ ነው፣ ከእሷ አይቆረጥም።

"ክሬዲቱ 600 ብቻ ነው፣ ታክሱ ከ800 ይበልጣል፣ ታዲያ ክሬዲቱን ትቼ ዝም ብልስ?" የሚል ሰው አለ። ሁለቱ አይገናኙም። አሠሪ የሆናችሁት ክሬዲት ስለጠየቃችሁ ሳይሆን ስለከፈላችሁ ነው። ደግሞ እናንተ የከፈላችሁት የአሠሪ ድርሻ ራሱ ለፎርም 2441 ወጪ ሆኖ ይቆጠራል።

የ16 ወይም የ17 ዓመት የእህት ልጅ ከትምህርት ቤት መልስ ብትይዝላችሁ ግን ከሶሻል ሴኩሪቲና ከሜዲኬሩ ነፃ ናት፣ ዋና ሥራዋ ትምህርት እስከሆነ ድረስ። ዲፔንደንታችሁ ካልሆነች ክሬዲቱም ይሠራል።

እንግዲህ ወረቀቱ

አሠሪ ከሆናችሁ መጀመሪያ ኢአይኤን የሚባል የአሠሪ ቁጥር ከአይአርኤስ (የፌዴራሉ የታክስ መሥሪያ ቤት) ዌብሳይት ታወጣላችሁ። በነፃ ነው፣ ደቂቃዎች ነው የሚወስደው። ብር የሚጠይቃችሁ ዌብሳይት ካጋጠማችሁ ውጡ፣ የአይአርኤስ አይደለም። በተሰጣችሁ ቁጥር ዓመቱ ሲያልቅ ደብሊው-2 ታወጣላችሁ። አንዱን ለእሷ ትሰጣላችሁ፣ ሌላውን ከደብሊው-3 ጋር ለሶሻል ሴኩሪቲ ትልካላችሁ። ኦንላይን ይቻላል። ቀኑ ጃንዋሪ 31 ነው፣ ቅዳሜ ወይም እሑድ ከዋለ ወደ ሰኞ ይተላለፋል። ከዚያ ኤፕሪል 15 የራሳችሁን 1040 ስታስገቡ የቤት ሠራተኛ ታክስ የሚሰላበትን ስኬጁል ኤች አያይዛችሁ ታክሱን አብራችሁ ትከፍላላችሁ።

ብዙ ሰው ኤፕሪል ላይ 1,500 ዶላር ድንገት ሲመጣበት ይደነግጣል፣ በዓመቱ ውስጥ በቂ ስላልከፈለም ቅጣት ሊኖር ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው። እናንተ የምትሠሩበት ቦታ የሰጣችሁትን፣ ከደመወዛችሁ ስንት ታክስ እንደሚቆረጥ የሚወስነውን ደብሊው-4 አስተካክሉና ከየደመወዛችሁ ትንሽ ተጨማሪ ይቆረጥ።

መዝገቡን በተመለከተ፣ እኔ አሁን የምጠቀመው ተራ ደብተር ነው። ፍሪጁ ጎን ተንጠልጥሏል። ቀን፣ የገባችበት ሰዓት፣ የወጣችበት ሰዓት፣ የተከፈለው። ዓርብ ዓርብ አክስቴ ራሷ ስሟን ትፈርማለች፣ በአማርኛ። ክፍያውን በዜል አደርጋለሁ፣ ማስታወሻው ላይ "ልጅ መያዣ" እና ሳምንቱን እጽፋለሁ። በካሽ መክፈል ሕገወጥ አይደለም፣ ግን ካሽ ከሆነ ደረሰኝ አስፈርሙ። ወረቀቱን ቢያንስ 4 ዓመት አስቀምጡ።

ከአካውንት አውጥቶ ለእናት ልኮ፣ ማታ መልሶ ከእሷ ተቀብሎ "ከፍያለሁ" ማለትም አለ። አታድርጉት። ያልከፈላችሁትን እንደከፈላችሁ መጻፍ ነው፣ እናታችሁንም ባላገኘችው ገቢ ላይ ያስፈርማታል።

ሶሻሏን አልሰጥም ካለችስ? ያላችሁን ስምና አድራሻ ትጽፋላችሁ፣ ጠይቃችሁ እንደከለከለቻችሁም አጭር ማብራሪያ ታያይዛላችሁ። ስለዚህ የጠየቃችሁበትን ቴክስት አታጥፉት። በትክክል እንደጣራችሁ ካሳያችሁ ክሬዲቱ ሊፈቀድላችሁ ይችላል።

እሷን የሚነካ ሌላም ነገር አለ። ዘመዳችሁ ኤስኤስአይ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች የሚሰጥ ድጋፍ)፣ ሜዲኬድ፣ ፉድ ስታምፕ ወይም የቤት ኪራይ ድጋፍ የምታገኝ ከሆነ ይሄ ገቢ ድጋፉን ሊቀንሰው ይችላል። ለኤስኤስአይ ገቢው ከተገኘበት ወር ቀጥሎ ባለው ወር እስከ 10ኛው ቀን ማሳወቅ አለባት። ሳታሳውቅ ቀርታ በኋላ መልሺ ስትባል የምትጨነቀው እሷ ናት። አክስቴም ያን ቀን ስልኩ ላይ ዝም ያለችው ለዚህ ነበር። የምትኖርበት ቤት ኪራዩ በገቢዋ ልክ ነው የሚታሰበው።

የስቴቱን ነገር ደግሞ የምትኖሩበት ስቴት የሥራ አጥነት ቢሮና የገቢዎች መሥሪያ ቤት ዌብሳይት ላይ እዩ። የሥራ አጥነት ምዝገባ፣ አዲስ ሠራተኛ ማሳወቅ፣ አንዳንዱ ጋ የሠራተኛ ጉዳት ኢንሹራንስም አለ። ዝቅተኛ የሰዓት ደመወዙም ይለያያል፣ ከፌዴራሉ 7.25 ዶላር በጣም የሚበልጥበት ስቴት አለ።

ያለፈው ዓመት ካለፈስ?

አምልጧችሁ ከሆነ አትደብቁት። ክሬዲቱን ያልወሰዳችሁ ከሆነ ፋይል ካደረጋችሁበት ቀን አንስቶ በአብዛኛው 3 ዓመት ጊዜ አላችሁ፣ በ1040-ኤክስ አርማችሁ ታስገባላችሁ። ታክስ ያልከፈላችሁ አሠሪ ከሆናችሁም እንዲሁ ስኬጁል ኤች አያይዛችሁ አርሙት። ቅጣትና ወለድ ይኖራል፣ ግን ቀድሞ የመጣ ሰው ሁልጊዜ ያነሰ ነው የሚከፍለው።

እኔ ያደረግኩት ይሄንኑ ነው። ከአክስቴ ጋር ቁጭ ብለን የዓርብ ዓርቡን ከካላንደር ላይ ቆጠርን፣ የታመመችበትን፣ እኔ እረፍት የወሰድኩበትን ሳምንት ቀነስን። የእሷን ድርሻ እኔ ከፈልኩ፣ ጥፋቱ የእኔ ስለነበር። ለቤት ኪራይ ቢሮዋ አብሬያት ሄጄ ገቢውን አሳወቅን፣ ኪራይዋ ትንሽ ጨመረ፣ ያንንም ደመወዟ ላይ አሰብኩት። ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ የሶሻል ሴኩሪቲ አካውንቷን ስልኳ ላይ ከፈትንላት። የገቢ ዝርዝሩ ላይ ከድሮዎቹ ዓመታት በታች ያ ዓመት ተጽፏል። መነጽሯን አድርጋ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አነበበችው፣ ከዚያ "ስንት ቀረኝ?" አለችኝ። ቆጠርንላት፤ 22 ክሬዲት ይቀራታል።